ቁጥሩ 7 ስለሆነ ብቻ አትግዙ፦ የኢንቴል፣ የኤኤምዲ፣ የአፕልና የኳልኮም ፕሮሰሰር ስሞች ጎን ለጎን

ላፕቶፕ ሊገዛ የወጣ ሰው ገና ዋጋ ሳይጠይቅ የሚሰማው የፕሮሰሰሩን ስም ነው። «አይ7 ነው።» «ራይዘን 5 ነው።» «ኤም4 ነው።» ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ሌላ ጥያቄ አይነሳም። 7 ከ5 ይበልጣል፣ 9 ከ7 ይበልጣል፣ አለቀ። ሻጩ በዚያው ይሸጣል፣ ገዢውም በዚያው ይገዛል።

ግን ከጠቅላላው ስም ውስጥ ትንሹን መረጃ የያዘችው ያቺው ቁጥር ናት። አንዳንዴ እንዲያውም ታሳስታለች።

ስለ ፕሮሰሰር ስሞች የሚያማርሩ ገዢዎች ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው «ስሙ በዛብን፣ አሳጥሩልን» ይላል። ሁለተኛው «ይርዘም ግድ የለም፣ ብቻ እውነቱን ይንገረን» ይላል። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ረጅም ስም አነባበቡን ከለመዱት አይከብድም። አጭር ስም ግን የደበቀውን ነገር አፍጥጠው ቢያዩትም አይነግርም። ስለዚህ አራቱን ኩባንያዎች የማወዳድረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ስሙን ብቻ አይቼ የምገዛውን ነገር ማወቅ እችላለሁ?

አይ7 ወይስ አይ5?

ያገለገሉ ላፕቶፖች ሲፈለጉ ቶሎ ቶሎ በሚገጥሙ ሁለት ስሞች እንጀምር። ኮር አይ7-7500ዩ እና ኮር አይ5-8250ዩ። የመጀመሪያው የ2016፣ ሁለተኛው የ2017 ምርት ነው። ልዩነቱ አንድ ዓመት ብቻ ነው። ሆኖም አይ7ቱ ያለው 2 ኮር (ሥራውን የሚሠራው የፕሮሰሰሩ ክፍል) ሲሆን አይ5ቱ 4 ኮር አለው። ኢንቴል 8ኛው ጀነሬሽን (የምርት ትውልድ) ላይ ሲደርስ ለቀጫጭን ላፕቶፖች በሚሠራቸው አይ5 እና አይ7 ላይ የኮሩን ቁጥር እጥፍ አደረገው። ብዙ ገጽ ከፍቶ፣ ከጎኑ ኤክሴል ዘርግቶ፣ በመሀል ቪዲዮ ስብሰባ ለሚገባ ሰው አይ5ቱ በግልጽ ይሻላል። ስሙን ብቻ ያየ ሰው ግን አይ7ቱን ያነሳል። ምናልባትም ጨምሮ ይከፍልበታል።

«እሱማ ጀነሬሽናቸው ስለተለያየ ነው» ትሉ ይሆናል። እሺ፣ ጀነሬሽናቸው አንድ የሆነ እንይ። አይ7-1255ዩ እና አይ5-12500ኤች። ሁለቱም 12ኛ ጀነሬሽን ናቸው፣ ሁለቱም በ2022 የወጡ። አይ7ቱ 2 ጠንካራ ኮርና 8 ቆጣቢ ኮር አለው። አይ5ቱ 4 ጠንካራና 8 ቆጣቢ። መነሻ የኃይል ፍጆታቸው 15 ዋት እና 45 ዋት ነው። ቪዲዮ ሬንደር ስታደርጉ ወይም ትልቅ ፕሮግራም ኮምፓይል ስታደርጉ አይ5ቱ አይ7ቱን ጥሎት ይሄዳል። በተቃራኒው ሙቀት የማያበዛ፣ ባትሪው ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆይ ቀላል ማሽን የሚሆነው አይ7ቱ ያለበት ነው። አይ7ቱ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። የተሠራው ለሌላ ሥራ ነው። ይህን የሚነግራችሁ 7 ቁጥር ሳይሆን መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ናት።

7 ቁጥርን እንደ ማዕረግ ቁጠሩት። በየትኛው ጦር ውስጥ ያለ መኮንን እንደሆነ ካልታወቀ ማዕረጉ ብቻውን ስንት ወታደር እንደሚያዝ አይናገርም።

ስለዚህ የኢንቴልን የቆየ ስም ስታነቡ ከኋላ ጀምሩ። መጀመሪያ ፊደሉ፣ ቀጥሎ ጀነሬሽኑ፣ መጨረሻ ላይ 3፣ 5፣ 7 ወይም 9። ጀነሬሽኑን ማውጣት ቀላል ነው። ከሰረዙ በኋላ ያለው ባለ አራት ወይም ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር ከ2 እስከ 9 ባለው አሃዝ ከጀመረ ያቺ አንድ አሃዝ ጀነሬሽኑ ናት። 8250 ስምንተኛ ነው። በ1 ከጀመረ ሁለት አሃዝ ውሰዱ። 1255 አስራ ሁለተኛ ነው፣ 12700ም አስራ ሁለተኛ ነው። ቁጥሩ ሦስት አሃዝ ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ አይ7-920፣ ያ የ2008ቱ የመጀመሪያ ትውልድ ነው። እሱን ተዉት።

10ኛው ጀነሬሽን ላይ ግን ተጠንቀቁ። አይ7-1065ጂ7 እና አይ7-10510ዩ ሁለቱም አስረኛ ናቸው፣ ሁለቱም 4 ኮር አላቸው። ውስጣቸው ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያው በወቅቱ አዲስ በነበረው የ10 ናኖሜትር የማምረቻ ሂደት የተሠራ ሲሆን ግራፊክሱም በጣም የተሻለ ነው። ሁለተኛው የቆየው የ14 ናኖሜትር ዘር ነው፣ ግን ከፍተኛ ፍጥነቱ ይበልጣል። ያለ ተጨማሪ ግራፊክስ ካርድ ቀለል ያለ ጌም ወይም የፎቶ ሥራ ካሰባችሁ ጂ7 ያለበትን ምረጡ።

ፊደሏ

ዩ ማለት ቁጠባ ነው። ቀጭን ላፕቶፕ፣ ቢሮ፣ ትምህርት ቤት። ኤች ማለት ጉልበት ነው። ከበድ ያለ ላፕቶፕ፣ የሚጮህ ማራገቢያ፣ ቶሎ የሚያልቅ ባትሪ፣ ግን ሥራ ይሠራል። በኢንቴል ኤችኤክስ ደግሞ የዴስክቶፕ ቺፕ ወደ ትልቅ ላፕቶፕ የገባበት ነው፣ መነሻው 55 ዋት። ፒ በ12ኛውና በ13ኛው ጀነሬሽን በዩ እና በኤች መካከል የነበረች ናት፣ 28 ዋት። ብዙም ሳትቆይ ቀረች።

በዴስክቶፕ ኬ ማለት ፍጥነቱን ራሳችሁ መጨመር የምትችሉት ነው። ይህን የማይነካካ ሰው ለኬ ብሎ ተጨማሪ ባይከፍል ይሻላል። ኤፍ ግን በጣም ልብ ሊባል የሚገባው ፊደል ነው። ኤፍ ያለበት ፕሮሰሰር ውስጡ ግራፊክስ የለውም። ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ካልገዛችሁ ስክሪኑ ላይ ምንም አይመጣም። ትንሽ ረከስ ስለሚል ያማልላል፤ ኮምፒውተሩን አሰባስቦ ካበቃ በኋላ ጥቁር ስክሪን ላይ የሚያፈጥ ሰው ብዙ ነው።

በነገራችን ላይ ይሄ ሁሉ ግርግር አዲስ አይደለም። ድሮ ሰው ፕሮሰሰር የሚያወዳድረው በሜጋኸርዝ ነበር። በ2001 የኢንቴል ፔንቲየም 4 በሜጋኸርዝ ቁጥር ሲገሰግስ ኤኤምዲ አትሎን ኤክስፒ 1800 ፕላስ የሚባል አወጣ። ትክክለኛ ፍጥነቱ 1533 ሜጋኸርዝ ነበር። 1800 የሚለው የሥራ አቅሙን ለመግለጽ የተሰጠ ቁጥር ነው። ኤኤምዲ አንድ እውነት ይዟል፣ ሜጋኸርዝ ብቻውን የፕሮሰሰርን አቅም አይናገርም። ግን በስም ላይ ያለ ቁጥር ከሚለካ ነገር የተላቀቀው በዚያ ዘመን ነው፣ ከዚያ ወዲህም አልተመለሰም።

ኢንቴል ስሙን ሲያድስ

በ2023 አጋማሽ ኢንቴል «አይ» የምትለዋን ፊደል እንደሚያነሳ አስታወቀ። ኮር አይ7 ቀርቶ ኮር 7 እና ኮር አልትራ 7 መጡ። ሐሳቡ ማቅለል ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው።

እነዚህን አራት ስሞች በተርታ አንብቧቸው። አይ7-1255ዩ በ2022፣ አይ7-1355ዩ በ2023፣ ኮር 7 150ዩ በ2024፣ ኮር 7 250ዩ በ2025። አራት ዓመት፣ አራት ስም። በአራቱም ውስጥ ያለው 2 ጠንካራ ኮርና 8 ቆጣቢ ኮር ነው። ከ2022 እስከ 2024 ፍጥነቱ ትንሽ ትንሽ ከፍ ብሏል። ከዚያ ያለፈ አዲስ ነገር ግን አትጠብቁ። የ2023ቱ በርካሽ ተገኝቶ ለ2025ቱ ብዙ የሚጨምር ሰው የሚገዛው በአብዛኛው ስሙን ነው። ስክሪኑ፣ ራሙ ወይም ባትሪው ከተሻለ ሌላ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ በኮር 7 እና በኮር አልትራ 7 መካከል ያለውን ልዩነት ያዙ። በመቶዎቹና በሁለት መቶዎቹ ተከታታይ ቁጥሮች፣ «አልትራ» የሌለበት ባለ ዩ ቺፕ የቀድሞው ዘር ቀጣይ ነው። አልትራ ያለበት አዲሱ ንድፍ ነው። አንድ ቃል ስትጎድል እቃው ሌላ ይሆናል፤ ማስታወቂያ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምትጎድለው ያቺው ቃል ናት።

አልትራ ሆነና ደግሞ ነገሩ ተቃለለ ማለት አይደለም። «ኮር አልትራ 7፣ ሁለተኛ ሲሪስ» ብላችሁ ብትጠይቁ ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮች ሊሰጧችሁ ይችላሉ። 255ዩ 12 ኮር አለው፣ ጠንካራዎቹ 2 ብቻ ናቸው። 255ኤች 16 ኮር አለው፣ 6ቱ ጠንካራ። 255ኤችኤክስ 20 ኮር አለው፣ 8ቱ ጠንካራ። 258ቪ ደግሞ 8 ኮር ብቻ አለው፣ 4 ጠንካራና 4 ቆጣቢ።

የኮሩ ብዛት አይቶ 258ቪን የሚንቅ ሰው ይሳሳታል። ለባትሪ ቆይታ ከአራቱ እሱን የሚያክል የለም። ግራፊክሱም ለቀጭን ላፕቶፕ አሪፍ ነው። ነገር ግን ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተገጠመ ነው፣ በኋላ መጨመር አይቻልም። እዚህ ላይ ኢንቴልን ላመስግነው፤ የመጨረሻዋ አሃዝ ራሙን ትናገራለች። 258ቪ 32 ጊጋባይት ነው፣ 256ቪ 16 ጊጋባይት። ይህን የሚያህል ጠቃሚ መረጃ ስም ውስጥ ገብቶ ማንም ለገዢው አለመናገሩ ግን ይገርመኛል።

የቪ ቤተሰብ ሌላም ነገር ያሳያል። አልትራ 5 226ቪ፣ አልትራ 7 258ቪ፣ አልትራ 9 288ቪ ሁሉም ያው 8 ኮር ናቸው። በፍጥነት፣ በካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ፈጣን ጊዜያዊ ማከማቻ) እና በግራፊክስ ይለያያሉ እንጂ 9 የሚለው ቁጥር አንድም ተጨማሪ ኮር አይሰጥም። ለቢሮ ሥራ ከሆነ 5ቱን መርጣችሁ ትርፉን ከመጀመሪያው ራሙ ከፍ ያለውን ለመግዛት አውሉት።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ብላችሁ ለምትገዙ አንድ ማስጠንቀቂያ። ማይክሮሶፍት ኮፓይለት ፕላስ ፒሲ ለሚላቸው ላፕቶፖች ቢያንስ 40 ቶፕስ (በሰከንድ 40 ትሪሊዮን ስሌት) የሚሠራ ኤንፒዩ፣ ማለትም ለኤአይ ሥራ የተለየ ክፍል፣ ይጠይቃል። 258ቪ 47 አለው፣ ያልፋል። በስም ከእሱ ጋር ወንድማማች የሚመስለው 255ኤች 13 ብቻ ነው፣ አያልፍም። ሁለቱም «አልትራ 7» ናቸው። ስቲከሩን ብቻ አይቶ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም።

ኤኤምዲ፦ ሁሉንም ይናገራል፣ ግን በሹክሹክታ

ኤኤምዲ ራይዘንን በ2017 ሲያወጣ 3፣ 5 እና 7ን ተጠቀመ፣ በ2019 ደግሞ 9ን ጨመረ። ከኢንቴል 3፣ 5፣ 7፣ 9 ጋር ትይዩ እንዲቆም ታስቦ እንደሆነ ግልጽ ነው። ለገዢ በአንድ በኩል ቀሏል። በሌላ በኩል የኢንቴል ስም ያለበትን ድክመት ሁሉ አብሮ ወርሷል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትልቁ ቅሬታ በዴስክቶፕና በላፕቶፕ መካከል የነበረው አለመጣጣም ነው። አንድ ዓይነት ተከታታይ ቁጥር ይዘው ዴስክቶፑ አዲሱ ንድፍ፣ ላፕቶፑ የቀድሞው ይሆን ነበር። በ5000ዎቹ ደግሞ ላፕቶፖቹ እርስ በርሳቸው ተለያዩ። ራይዘን 5 5500ዩ ዜን 2 ነው፣ ራይዘን 5 5600ዩ ግን ዜን 3 (ዜን ኤኤምዲ ለንድፎቹ የሰጠው ስም ነው)። ሁለቱም 6 ኮር። በቁጥር 100 ብቻ ነው የሚለያዩት፣ በንድፍ ግን አንድ ትውልድ። ያገለገለ ስታዩ 5600ዩን ወይም 5800ዩን ፈልጉ፤ 5500ዩ እና 5700ዩ የቀድሞው ትውልድ ናቸው።

ከዚያ ኤኤምዲ በ2022 መጨረሻ አካባቢ ለላፕቶፕ አዲስ አሰያየም አመጣ። ከ7000 ጀምሮ እያንዳንዷ አሃዝ ትርጉም ተሰጣት። የመጀመሪያዋ ዓመቱን ትናገራለች፣ 7 ማለት 2023 ነው። ሁለተኛዋ ደረጃውን። ሦስተኛዋ የንድፉን ትውልድ። አራተኛዋ በዚያ ትውልድ ውስጥ ዝቅ ያለ ወይም ከፍ ያለ መሆኑን። እንደ አነባበብ ካየነው ከኩባንያዎቹ ሁሉ ግልጹ ነበር።

እስቲ እንፈትነው። ራይዘን 5 7520ዩ፣ ራይዘን 5 7530ዩ፣ ራይዘን 5 7540ዩ። ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ትንሽ ትንሽ የሚበላለጡ ይመስላሉ። ሦስተኛዋን አሃዝ እዩ። 2፣ 3፣ 4። የመጀመሪያው በ2019 በወጣው ዜን 2 የተሠራ ነው፣ 4 ኮር ብቻ ያለውና ግራፊክሱም በጣም ደካማ የሆነ። ሁለተኛው ዜን 3 ነው፣ 6 ኮር። ሦስተኛው ዜን 4 ነው፣ 6 ኮርና አዲስ ግራፊክስ። 10 ቁጥር ለውጥ እዚህ የዓመታት ልዩነት ናት።

መረጃው ስሙ ውስጥ አለ፣ አልተደበቀም። ግን ሰው ሁሉ በሚያያት የመጀመሪያ አሃዝ ላይ የተቀመጠው ዓመቱ ነው፣ ያውም ለገበያ የቀረበበት ዓመት እንጂ የተነደፈበት አይደለም። ወሳኟ መረጃ ማንም በማያስተውላት ሦስተኛ ቦታ ገባች። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ቢሆንም የኤኤምዲን መንገድ ከብዙዎቹ እመርጣለሁ። ቁልፉን ያወቀ ገዢ ሊታለል አይችልም።

በ2023 መጨረሻ ኢንቴል ይህንኑ አሰያየም የሚያብጠለጥል የማስታወቂያ ሰነድ አወጣ፤ ዒላማው 7520ዩ ነበር። የቆየ እቃ በአዲስ ስም ይሸጣሉ ነው ነገሩ። ሰው በኢንቴል ላይ ሳቀ፣ ሰነዱም ብዙ ሳይቆይ ተነሳ። ሳቁ አያስገርምም። በዚያው ሰሞን ኢንቴል ራሱ 14ኛ ጀነሬሽን ብሎ አይ9-14900ኬን አውጥቶ ነበር፤ ከ13900ኬ ጋር በኮርም በንድፍም አንድ፣ ፍጥነቱ ብቻ ትንሽ ከፍ ያለ። ሁለቱም 24 ኮር። ከዚያ ጀነሬሽን እውነተኛ ጭማሪ ያገኘው አይ7-14700ኬ ነው፣ ከ16 ወደ 20 ኮር።

ኤኤምዲ ያንን ግልጽ አሰያየም ብዙም አላቆየውም። በ2024 ራይዘን ኤአይ 300 መጣ። ራይዘን ኤአይ 9 ኤችኤክስ 370 የሚለውን ስም በአንድ ትንፋሽ ማንበብ ራሱ ሥራ ነው። ከዚህ የባሰው ኤችኤክስ የምትለዋ ናት። በኢንቴል፣ በራሱ በኤኤምዲ የ7000 ስሞችም፣ ኤችኤክስ ማለት 55 ዋት የሚበላ የትልቅ ላፕቶፕ ቺፕ ነው። እዚህ ግን መነሻው 28 ዋት የሆነ የቀጭን ላፕቶፕ ቺፕ ነው። ያው ፊደል፣ ሌላ ትርጉም። ሰዎች ለዓመታት የለመዱትን ምልክት እንዲህ መበጥበጥ ይቅርታ የሚደረግለት አይመስለኝም።

ከጎኑ ደግሞ ራይዘን 200 አለ። ራይዘን 7 250 የሚለውን በ2025 አዲስ ስም ሆኖ ታገኙታላችሁ። ውስጡ 8 የዜን 4 ኮርና ራዲዮን 780ኤም ግራፊክስ ነው። ይህ 7840ዩ ተብሎ በ2023 የወጣው፣ ቀጥሎም 8840ዩ የተባለው ነው። ጥሩ ፕሮሰሰር ነው፣ ዛሬም። ለብዙ ሰው ከበቂ በላይ ነው። ብቻ ከሦስቱ ስሞች በአንዱ ረክሶ ካገኛችሁት ያንን ውሰዱ። «ኤአይ» የሚል ቃል ያለበት 300 ግን ሌላ ነው፣ አዲሱ ዜን 5 ነው፣ ኤንፒዩውም 50 ቶፕስ ይደርሳል። እንግዲህ በኤኤምዲ «ኤአይ»፣ በኢንቴል «አልትራ» የምትለዋን ቃል ፈልጉ ማለት ነው።

ለጌም ዴስክቶፕ የምትሠሩ ከሆነ ደረጃውን እርሱትና ኤክስ3ዲ የሚለውን ፈልጉ። ራይዘን 7 9800ኤክስ3ዲ 8 ኮር ነው፣ ራይዘን 9 9950ኤክስ 16 ኮር። በአብዛኞቹ ጌሞች 8 ኮሩ ያሸንፋል፣ ምክንያቱም ሥሩ ላይ የተነባበረ ተጨማሪ ካሽ ስላለው 96 ሜጋባይት ይደርሳል። ለቪዲዮ ኤዲቲንግና ለሬንደር ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል።

አፕል ቀላል ነው፣ እስኪገለጥ ድረስ

ኤም1 በ2020፣ ከዚያ ኤም2፣ ኤም3፣ ኤም4፣ ኤም5። ቁጥሩ ትውልዱ ነው። ከጎኑ ምንም ካልተጻፈ መነሻው ነው፣ ፕሮ ከዚያ በላይ፣ ማክስ ከፕሮ በላይ፣ አልትራ ከሁሉም በላይ። «ስሙ ይቅለል» የሚለው ወገን የሚያወድሰው ይህን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው በእውነት ከአራቱ ቀላሉ ነው።

ዋጋው ግን አለ። ኤም4 የሚለው ስም ብቻውን የኮር ብዛት አይናገርም። መነሻው አይማክ ላይ ያለው ኤም4 8 ኮር ነው። አነስተኛ ማከማቻ ያለው አይፓድ ፕሮ ላይ 9 ነው። ማክቡክ ፕሮ ላይ 10። ሦስቱም ኤም4 ናቸው። በኢንቴል ቢሆን ቢያንስ አንዲት ፊደል ትለያቸው ነበር።

አዲስ ቁጥር ሁልጊዜ ይበልጣል ብላችሁም አትተማመኑ። ኤም2 ፕሮ እስከ 8 ጠንካራና 4 ቆጣቢ ኮር ነበረው፣ የሜሞሪ ፍሰቱም በሰከንድ 200 ጊጋባይት። ኤም3 ፕሮ ሲመጣ እስከ 6 ጠንካራና 6 ቆጣቢ ሆነ፣ ፍሰቱም ወደ 150 ወረደ። እያንዳንዱ ኮር ፈጣን ሆኗል፣ በድምሩ ግን ከኤም2 ፕሮ ወደ ኤም3 ፕሮ መቀየር ለብዙ ሰው ትርጉም አልነበረውም። የታደሰ ኤም2 ፕሮ በቅናሽ ካገኛችሁ አትናቁት።

በ2025 መጀመሪያ ላይ ደግሞ አፕል ራሱ ያጠረውን አጥር ዘለለው። ማክ ስቱዲዮን በሁለት ምርጫ አቀረበ፦ ኤም4 ማክስ እና ኤም3 አልትራ። 4 ከ3 ይበልጣል፣ አልትራም ከማክስ ይበልጣል። ታዲያ የቱ ይበልጣል? መልሱ በሥራው ይወሰናል። አንድ በአንድ በሚሄድ ሥራ፣ በፎቶ፣ በመደበኛ ኤዲቲንግ፣ ኤም4 ማክስ ፈጣን ነው። ኤም3 አልትራ እስከ 32 ኮር ይደርሳል፣ ብዙ ሜሞሪም ይይዛል። ትልልቅ የኤአይ ሞዴሎችን በራሱ ማሽን ለሚያስነሳ ወይም ከባድ ባለ ሦስት ገጽታ ሥራ ለሚሠራ ሰው ነው። ይህን ሥራ እየሠራሁ ነው ወይ ብላችሁ የምትጠራጠሩ ከሆነ ኤም4 ማክስ ይበቃችኋል።

ስናፕድራገን

ኳልኮም በ2024 አጋማሽ ለዊንዶውስ ላፕቶፕ ስናፕድራገን ኤክስን አወጣ። ኢሊት፣ ፕላስ፣ ከዚያም በ2025 ምንም ቅጽል የሌለው ኤክስ። እስከዚህ ጥሩ ነው። ከሥር ያለው ቁጥር ግን የመጋዘን ኮድ ይመስላል። ኤክስ1ኢ-80-100 እና ኤክስ1ኢ-78-100 ሁለቱም ኢሊት ናቸው፣ ሁለቱም 12 ኮር። 80 የሚለው ሁለት ኮሮችን እስከ 4 ጊጋኸርዝ ማስፈጠን ይችላል፣ 78 የሚለው 3.4 ላይ ይቆማል። ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው «ኢሊት» ብቻ ነው።

ፕላስ ላይ ልዩነቱ ይሰፋል። ኤክስ1ፒ-64-100 10 ኮር ነው። ኤክስ1ፒ-42-100 8 ኮር ሲሆን ግራፊክሱ ከግማሽ በታች ነው። ያው ፕላስ። የሚደነቀው በሁሉም ላይ ኤንፒዩው 45 ቶፕስ መሆኑ ነው፣ ስለዚህ የኮፓይለት ፕላስ ነገር ለሚያሳስበው ሰው የትኛውም ያልፋል። ባትሪያቸውም በደንብ ይቆያል።

ሆኖም እዚህ ከስሙ የሚቀድም ጥያቄ አለ። እነዚህ የአርም ፕሮሰሰሮች ናቸው፣ ማለትም የሚረዱት የትዕዛዝ ቋንቋ ከኢንቴልና ከኤኤምዲ የተለየ ነው። አብዛኛው የዊንዶውስ ፕሮግራም በራሱ ወይም በማስተርጎም ይሠራል፣ አንዳንድ የቆዩ የፕሪንተር ድራይቨሮች፣ የተወሰኑ የቢሮ ሶፍትዌሮችና ጌሞች ግን ላይሠሩ ይችላሉ። ለሥራችሁ የግድ የሚያስፈልግ ልዩ ፕሮግራም ካለ መጀመሪያ እሱን አረጋግጡ፣ የ80 እና የ78 ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ረከስ ያሉት

ኢንቴል ፔንቲየም እና ሴለሮን የሚሉትን ስሞች ከ2023 ጀምሮ ከላፕቶፕ አንስቶ በምትካቸው «ኢንቴል ፕሮሰሰር» አላቸው። ከዚህ በላይ ባዶ ስም አላየሁም። ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ማግኘት እንኳ ይቸግራል። የሚጠቅማችሁ ከኋላው ያለው ኮድ ነው፣ ለምሳሌ ኤን100። 4 ቆጣቢ ኮር፣ 6 ዋት። ለተማሪ ጽሑፍ፣ ለቪዲዮ ማያ፣ ለሒሳብ መዝገብ ይሆናል።

ግራ የሚያጋባው ታላቅ ወንድሙ ነው፣ ኮር አይ3-ኤን305። 8 ኮር አለው፣ ሁሉም ቆጣቢ። ከጎኑ አይ3-1315ዩ ሲቀመጥ 6 ኮር ነው የሚለው፣ ግን 2ቱ ጠንካራ ናቸው። በኮር ቁጥር የመጀመሪያው ይበልጣል። በየቀኑ አገልግሎት፣ ገጽ ሲከፈት፣ ፕሮግራም ሲጀመር፣ ሁለተኛው ይቀላጠፋል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ከሆነ ያለ ማመንታት 1315ዩን።

ታዲያ የማንን ስም ልመን?

ስለ ፕሮሰሰር ምንም ማጥናት ለማይፈልግ ሰው አፕል ይሻላል፣ በጀቱና ፕሮግራሞቹ ከፈቀዱ። አንዲት ነገር ብቻ፣ የኮሩን ብዛት ከዝርዝሩ ላይ አይቶ። ያገለገለ ወይም የቆየ ዊንዶውስ ላፕቶፕ ለሚፈልግ ሰው የኢንቴል የድሮ ስሞች ምቹ ናቸው፣ ጀነሬሽንና ፊደል ፊት ለፊት ተጽፈዋልና። በ7000 እና በ8000 ዘመን የተሠራ ራይዘን ላፕቶፕ ያገኘ ደግሞ ሦስተኛዋን አሃዝ አይቶ ይወስን፤ 4 ከሆነች ጥሩ ነው፣ 3 ከሆነች በዋጋው ይከራከር፣ 2 ከሆነች ለቀላል ሥራ ብቻ። አዳዲሶቹ ላይ ኢንቴልም ኤኤምዲም እኩል አድካሚ ናቸው። ልምረጥ ካላችሁኝ ለኢንቴል ትንሽ አደላለሁ፣ ቢያንስ ፊደሎቹን አልጣላቸውም።

ማስታወቂያ ላይ «ኮር 7 ላፕቶፕ» ብቻ ተጽፎ ሙሉ ስሙ ከሌለ ጠይቁ። እቃው እጃችሁ ላይ ከሆነ ራሳችሁ እዩት። ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግ ከፍታችሁ ሲስተም፣ ከዚያ ዝቅ ብላችሁ አባውት የሚለውን ስትነኩ ፕሮሰሰር ከሚለው ጎን ሙሉው ስም ከነፊደሉ ይወጣል። ማክ ላይ ከላይ በስተግራ ያለችውን የአፕል ምልክት ነክታችሁ አባውት ዚስ ማክ ስትሉ ኤም4 ወይም ኤም4 ፕሮ ብቻ ይላችኋል። የኮሩ ብዛት የሚገኘው ሲስተም ኢንፎርሜሽን ውስጥ፣ ሃርድዌር በሚለው ሥር ነው። ሻጩ ማሽኑን ለመክፈት ካልፈቀደ ወይም ቻርጀር የለም ካለ ዋጋውን በዝቅተኛው አማራጭ ልክ አስቡት፦ ኮር አልትራ 7 ከተባለ 255ዩ ነው ብላችሁ፣ ራይዘን 5 7000 ከተባለ 7520ዩ ነው ብላችሁ።